የሐጂ እንቅልፍና የእኔ ትከሻ

ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ አባት የሚያነሳው ጥያቄ ድሮም የታወቀ ነው። የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል? ጠባዩ እንዴት ነው? እኔም ለዚህ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ጠባዬም ቢሆን፣ ልብስ ያዘገየሁባቸውን ደንበኞች እስካልጠየቁ ድረስ ክፉ የሚያወራ አይገኝም። ሐጂ ከማል ግን ከነዚህ አንዱንም አልጠየቁም። አጎቴ ጋሽ ሙሄ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እንጅባራ ድረስ ሄደው ልጃቸውን ሰዓዳን ለእኔ ሲጠይቋቸው፣ ጢማቸውን አሻሽተው፣ «ሰው በሱቁ አይታወቅም፤ በመስጊዱ ነው የሚታወቀው። የፊታችን ጁምዓ ይምጣና አጠገቤ ይስገድ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጋሽ ሙሄ ይህን ሲነግሩኝ «ይሄማ ምን ፈተና ነው!» ብዬ ሳቅሁ። መስገድ እንደሆነ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እሰግዳለሁ። አጎቴ ግን አልሳቁም።

«አንተ ልጅ፣ ሐጂን አታውቃቸውም» አሉኝ። «መስጊድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ካዩ በከዘራቸው እግሩን ይሰበስቡለታል። ስልኩ የጮኸበት ሰው ለሦስት ጁምዓ ሰላም አይሉትም። ካልሲው የሸተተውን ከደጅ መልሰው፣ ታጥቦ እስኪመጣ ጫማውን ይጠብቁለታል። ከአንተ በፊት ሰዓዳን የጠየቀ የጫግኒ ነጋዴ ነበር። ምን ጎደለው? ሀብት አለው፣ መልክ አለው። ሶላት ላይ ሦስት ጊዜ አፍንጫውን ነካካ ብለው መለሱት።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አፍንጫዬ ያሳክከኝ ጀመር።

ሰዓዳን እንዴት እንዳወቅኋት ልንገራችሁና ልመለስ። ዳንግላ ያለች እህቷን ልትጠይቅ መጥታ ቀሚስ ልታሰፋ ሱቄ ገባች። እህቷ በሜትር እየለካች ቁጥሩን ስትጠራልኝ እኔ እጽፋለሁ። ዓይኔ እሷ ላይ ቀርቶ ሠላሳ ስድስቱን ስልሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩት። በሳምንቱ መጥታ ቀሚሱን ዘርግታ አየችውና፣ «ይሄ ለእኔና ለእህቴ አንድ ላይ ነው ወይስ ጎረቤትም ይጨመርበታል?» ብላ ሳቀች። የሠራሁትን አበላሽቼ ደስ ያለኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሴት አላየሁም፤ ባይም አልታየችኝም። እንግዲህ ሐጂ አንድ ጊዜ «አይሆንም» ካሉ የምትቀርብኝ ይህች ልጅ ናት።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። የደንበኞቼን ልብስ ሁሉ አቁሜ ለራሴ እንደ ወተት የነጣ ጀለብያ ሰፋሁ። ለወትሮው ልብስ የምጨርሰው ሰው ደጅ ቆሞ ሲጮህብኝ ነውና፣ የሚጮህብኝ ስለሌለ የእጅጌውን ጠርዝ የጨረስኩት ጁምዓ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ነው። መርፌውን እንደ ልማዴ ደረቴ ላይ ሰካሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ስፌቱስ አልተፈታብኝም። የተፈታው ሌላ ነው።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው አንድ ገበሬ ትልቅ ማዳበሪያ ተሸክመው መጡ። ለሾፌሩ በአማርኛ፣ ሊሸኟቸው ለመጡት ሚስታቸው በአውኝኛ እየተናገሩ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ማዳበሪያው ግማሹ እሳቸው ጭን ላይ፣ ግማሹ እኔ ላይ ሆነ። ያን ጊዜ ጠረኑ መጣ።

«አባቴ፣ ምንድን ነው የያዙት?» አልኳቸው።

«ነጭ ሽንኩርት ነው ልጄ። እንጅባራ፣ ቆሰበር ገበያ ላደርሰው ነው። ምነው፣ ከበደህ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ጠረኑ እስኪጠፋ መስጊድ አይቅረብ ተብሏል፤ አጠገቡ የሚሰግደውን ሰው ስለሚያስቸግር ነው። እኔ ግን የተባለው ስለ በላ ሰው እንጂ ስለ ታቀፈ ሰው አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር ማዳበሪያው ደረቴ ላይ ይጫናል፤ በተጫነ ቁጥር አንድ ራስ ሽንኩርት ይፈነዳል። መሀል መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን፤ ማዳበሪያውን ያወረድኩት እኔ፣ መልሼ የጫንኩትም እኔ ሆንኩ። ገበሬው ደግ ሰው ነበሩ። ልጅ ልጠይቅ እንደምሄድ ስነግራቸው፣ «እሰይ! እንግዲያስ ይቅናህ» ብለው መርቀውኝ ሁለት ራስ ሽንኩርት ኪሴ ከተቱልኝ። «ለሰርጉ ወጥ ይሆናል» አሉ። የመረቀን ሽማግሌ ስጦታ መመለስ ደግሞ እኛ አገር አይታሰብም።

እንጅባራ ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሽንኩርቶቹን ለባጃጁ ሾፌር ሰጠሁ። ጠረኑ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ከአንዲት ሱቅ ሽቶ ገዝቼ፣ ግማሹን ጠርሙስ ደረቴ ላይ ደፋሁት። ሽንኩርቱ ይሸሻል ብዬ ነበር፤ ሁለቱ ተስማምተው አብረው ተቀመጡ። መስጊዱ ግቢ ገብቼ፣ ጥርስ በሚያንቀጫቅጨው የእንጅባራ የቧንቧ ውሃ ውዱእ አደረግሁ። ውዱእ ማለት ከሶላት በፊት የምንታጠበው ነው፤ ያለሱ የተሰገደ ሶላት አልተሰገደም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ስገባ መስጊዱ ጢም ብሏል። ኢማሙ ገና መስበኪያው ሚንበር ላይ አልወጡም። ሐጂ ከማል የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ አጠገባቸው የአንድ ሰው ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ዞረው አዩኝና በጣታቸው ጠሩኝ። አሁን ምን ይደረጋል? አርፍዶ መጥቶ የሰው ትከሻ እየተሻገሩ ወደ ፊት ማለፍ ነውር ነው። የሐጂን ጥሪ ችላ ብሎ ኋላ መቀመጥም ነውር ነው። ከሁለት ነውር አንዱን ምረጥ ስባል እኔ ሦስተኛ ፈጠርኩ። ግድግዳውን ታክኬ፣ ሆዴን ስቤ፣ በጎን በጎን እየተራመድኩ «አውፍ በሉኝ፣ አውፍ በሉኝ» እያልኩ ሄድኩ። አንድ አዛውንት፣ «አውፍ ብያለሁ ልጄ፤ ግን እግርህን ከእጄ ላይ አንሳ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ሐጂ አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ሳቡ። ደግመው ሳቡ።

«ሽንኩርት በልተሃል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ወላሂ አልበላሁም ሐጂ። ታቅፌው ነው የመጣሁት።»

«ሽቶውስ?»

«እሱ ለሽንኩርቱ ነው።»

«እ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሚንበሩ መለሱ። ያቺ «እ» እንደ መቀስ ቆረጠችኝ። አለቀልኝ አልኩ፤ የጫግኒው ነጋዴ እንኳ ሦስት ዕድል ተሰጥቶታል።

ኢማሙ ወጡ። ርዕሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመስጊድ አደብ! «አንዳንዱ ሰው ጎረቤቱን በጠረኑ ያውካል» ሲሉ ከኋላዬ ያለው ሰው አፍንጫውን በሻሹ ሲሸፍን ተሰማኝ። «አንዳንዱ አርፍዶ ይመጣና የሰው እጅ ይረግጣል» ሲሉ ደግሞ እኚያ አዛውንት ሳቃቸውን በሳል ለወጡት። ኢማሙ እኔን አይተው ይሁን ወይም አስቀድመው ያዘጋጁት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የእንጅባራ የነሐሴ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሰምታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የኢማሙ ድምፅ ራቀ፤ ውስጡ ሞቀ፤ ምንጣፉ ለሰለሰ። በቀኝ ትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ነካ አደረገኝና ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ነካኝ። ሦስተኛ ሲመጣ ግን ሳይመለስ ቀረ። ቀስ ብዬ ዓይኔን ወደ ጎን ሰደድኩ። ሐጂ ከማል፣ የሰው እግር የሚሰበስቡት፣ ካልሲ የሚያስታጥቡት፣ አማች የሚመልሱት ሐጂ ከማል፣ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ለጥ ብለው ተኝተዋል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እንቅልፍ የያዘው ሰው አፍንጫ አይሠራም። ቀጥሎ ግን ልጅ ሆኜ ቁርአን ያቀሩኝ ሸህ ትዝ አሉኝና ደስታዬ ደረቀ። እንቅልፍ ውዱእ ያፈርሳል። ተቀምጦ ለአፍታ ያንጎላጀ ሰው ምሕረት አለው፤ «ነገር ግን» ይሉን ነበር ሸሁ፣ «የተደገፈው ነገር ቢነሳ የሚወድቅ ከሆነ ውዱኡ ሄዷል።» ያኔ የሚደገፉት ነገር ግድግዳ ወይም ምሰሶ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ትከሻ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ትከሻዬን በአንዲት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ፤ ሐጂም አብረው ዝቅ አሉ። ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ እኔ ከተነሳሁ ሐጂ ምንጣፍ ላይ ናቸው።

እንዳልነግራቸው፣ ኢማሙ በሚሰብኩበት ኹጥባ ላይ መናገር ክልክል ነው። ክልክል ስላችሁ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ እንደሚጻፈው፣ ጽሑፉ ላይ እንደሚሸናበት ዓይነት አይደለም። አጠገብህ የሚያወራውን ሰው «ዝም በል» ብትለው እንኳ አንተም ከሚያወሩት ተቆጥረሃል። እንዳላነቃንቃቸው፣ ደንብረው አንድ ቃል ቢያወጡ መስጊዱ ሁሉ ዞሮ ሊያያቸው ነው። ደረቴ ላይ ያለችው መርፌም አልተረሳችኝም። ሸይጣን «በስሱ» አለኝ። እጄ ግማሽ መንገድ ሄዳ ነበር፤ አማቱን በመርፌ ወግቶ ሚስት ያገኘ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ መለስኳት።

በመጨረሻ ሳልኩ። ለካስ ነሐሴ ላይ እንጅባራ ውስጥ ጉንፋን ያልያዘው ሰው የለም፤ ሁሉም ለአደብ ብሎ ሳሉን አፍኖ ነው የተቀመጠው። የእኔን ሲሰሙ ፈቃድ የተሰጠ መሰላቸው። ከመጀመሪያው ሰልፍ ተነስቶ እስከ ጫማ መደርደሪያው ድረስ መስጊዱ ሳለ። ኢማሙ ንግግራቸውን አቋርጠው «አላህ ያሽራችሁ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳሉት ሐጂ ብቻ ናቸው። እንዲያውም እንቅልፋቸው ጠለቀና ከአፋቸው ጠርዝ አንዲት ነገር ወርዳ አዲሱን ጀለብያዬን ትከሻው ላይ አረጠበችው።

ኹጥባው አለቀ። ሙአዚኑ ለሶላት ተነሱ ሲል ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። ሲተኛ እንደቆየ ሰው አይደለም የገለጡት፤ ሲያስተነትን እንደቆየ ሰው ነው። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ ዞረው «ሰልፍ አስተካክሉ! ክፍተት ዝጉ!» ብለው አዘዙ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ዝም ብል ሐጂ ያለ ውዱእ ሊሰግዱ ነው፤ ጥፋቱም የሚያውቅ ሰው ጥፋት ነው። ብናገር የአገሩን ሰው ሁሉ አደብ የሚያስይዙትን ሽማግሌ በሰው ፊት ማዋረዴ ነው፤ ሰዓዳም በዚያው ቀረች። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። አነጋገር ፈለግሁ፤ ኢማሙ እጃቸውን ሊያነሱ ምንም አልቀራቸውም።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ።

«አሁን?»

«አሁን ካልሆነ አይሆንም። ኹጥባው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ተደግፌ ነው የተኛሁት። ውዱኤ እንዴት ይሆናል?»

የመጀመሪያው ሰልፍ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የሐጂ ፊት ጠቆረ።

«የተደገፍከው ቢነሳ ትወድቅ ነበር?»

«እወድቅ ነበር ሐጂ።»

«ታዲያ ምን ውዱእ አለህና ሰልፍ ገብተህ ቆመሃል? ውጣ! ሄደህ ታጠብ!» ብለው ትከሻዬን ገፉኝ። ገፍተውኝም እጃቸው እዚያው ቀረ። መዳፋቸውን አነሱና አዩት። እርጥብ ነው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አያፈስም ሐጂ» አልኩ። ምን አለበት «ያፈሳል» ብል! ግን ጅል ሲቸኩል እውነት ያመልጠዋል።

መዳፋቸውን እንደገና አዩ፤ ትከሻዬን አዩ፤ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ቧንቧው ያስቸግራል፤ አንተ እንግዳ ነህ፤ ና ላሳይህ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ፊት ቆሞ እኛ ወደ በሩ ሄድን። ቅድም ራሴ ከፍቼ የታጠብኩበትን ቧንቧ አሳዩኝ፤ እኔም አይቼው እንደማላውቅ ሆኜ አየሁት። ታጠብኩ። እሳቸውም እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «እዚህ ድረስ ከመጣሁ አይቀር…» አሉ ወደ ቧንቧው እያዩ፣ «ውዱእ ላይ ውዱእ ብርሃን ላይ ብርሃን ነው።»

«ነው ሐጂ» አልኩ፤ እኔም ወደ ቧንቧው እያየሁ።

ከሶላቱ ሁለት ዙር ለሁለተኛው ረከዓ ደረስን። ሐጂ ከማል፣ ስንት ዓመት ከመጀመሪያው ሰልፍ ያልጠፉት ሰው፣ ከእኔ ጋር ጫማው ጥግ ሰገዱ። ስንወጣ ግቢው ውስጥ ሰው ከበባቸው። «ሐጂ፣ ምን ሆኑ? አመምዎት እንዴ?» ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «እኔማ ደህና ነኝ፤ እንግዳዬ ኹጥባ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነው» አሉ። ከኀሙስ ጀምረው እንጅባራ ወዳጃቸው ቤት ሆነው ሲጠብቁኝ የነበሩት ጋሽ ሙሄ ይህን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሐጂ ቤት ምሳ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ጋሽ ሙሄ አሉ፤ እኔ ትከሻዬን በሻሽ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። ሐጂ ሁለት ጊዜ ጎረሱና፣ «ልጁን አየሁት» አሉ። የሁሉም እጅ ቆመ።

«ጥሩ ነው። ግን ኹጥባ ላይ ይተኛል።»

ጋሽ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። ሻሼን አንስቼ ትከሻዬን ባሳይ እንኳ ይበቃ ነበር። ሐጂ አላዩኝም፤ ግን ማኘካቸውን አቁመዋል። በሩ አጠገብ ደግሞ ወጥ ልትጨምር የመጣችው ሰዓዳ ቆማለች። ለእሷ ስል ልናገር አሰብኩ፤ ከዚያ ግን አባቷ በፊቷ ሲቀልሉ ታየኝና ቃሉን ከጉርሻዬ ጋር ዋጥኩት።

«እውነት ነው» አልኩ። «ከባድ እንቅልፍ ነው ያለብኝ። ይቅር በሉኝ።»

ጋሽ ሙሄ «አዋረድከኝ» አሉ። ሐጂ ግን ማኘካቸውን ቀጠሉ፤ ዋጡ፤ ውሃ ጠጡበት። «መተኛትስ ብዙ ሰው ይተኛል» አሉ በመጨረሻ። «ተነስቶ የሚታጠበው ነው የጠፋው። እኔ በበኩሌ ፈቅጃለሁ፤ ልጅቷን ጠይቋት።» ልጅቷ ምን እንዳለች አልነግራችሁም፤ ወጡ ግን ለእኔ ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ።

እንግዲህ ተጋባን፤ ሱቄንም ወደ እንጅባራ አዛወርኩ። በየጁምዓው ከአማቴ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አማቴ በየሁለተኛው ጁምዓ ትከሻዬ ላይ ይተኛሉ፤ እኔም ተነስቼ «እንቅልፍ ጣለኝ» እላለሁ፤ እሳቸውም «ና ላሳይህ» ብለው ያንኑ ቧንቧ ያሳዩኛል። ከተማው «እንቅልፋሙ አማች» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። አንዳንዱ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ «ሳትተኛ ጨርስልኝ» ይለኛል።

ለሰዓዳ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። አባቷ ናቸው። ባለፈው አንድ ጁምዓ ከሶላት ስመለስ ግን ጀለብያዬን ልታጥብ ተቀበለችኝና ቀኝ ትከሻውን አገላብጣ አየችው።

«ዛሬም ተኛህ?» አለችኝ።

«ተኛሁ።»

«ታጠባችሁ?»

«ታጠብን» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። አንድ ሰው ብቻ ነው መታጠብ የነበረበት።

ሳቋን መያዝ አቅቷት ጀለብያዬን ፊቷ ላይ ሸፈነች። «አባባኮ ቤትም እንዲሁ ናቸው» አለችኝ። «ከሰዓት በኋላ የአሱር ሶላት እስኪደርስ ወንበራቸው ላይ ይተኛሉ። እማማ ሥራ ላይ ቆማ ቆይታ፣ አዛን ሲል ‹ውይ፣ እንቅልፍ ጣለኝ! ውዱእ ላድርግ፤ ውሃ ቅዱልኝ› ትላለች። አባባም ‹አይ አንቺ ሴት! በይ ውሃው ከመጣ አይቀር ለእኔም ያምጡልኝ› ይላሉ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። ጎረቤት ሁሉ እማማን እንቅልፋም ይላታል፤ ቀን ተኝታ ግን አይቻት አላውቅም።»

ጀለብያውን ከእጇ ተቀብዬ እኔም ትከሻውን አየሁት።

«አንተ መጀመሪያ የመጣህ ቀን፣ እናንተ ወጥታችሁ ስትሄዱ» አለች ሰዓዳ፣ «አባባ ጓዳ ድረስ ገብተው ለእማማ ምን እንዳሏት ታውቃለህ? ‹ልጅሽን ለሰው ሰጠኋት። እንዳንቺ ያለ እንቅልፋም አገኘሁላት› ነው ያሏት።»